ክፉ ሰው የሚወለደው በየትኛው ቀን ነው?

አንባቢ ሆይ፥ የብርሃን ሰይፍ ስለሚመዘዝበትና መርከብ በከዋክብት መካከል ስለሚበርበት ፊልም አንድ መምህር ምን ቁም ነገር አገኘና ይጽፋል ትል ይሆናል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚሁ እል ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ካለቀ በኋላ ግን ተማሪዎቼ ለመኑኝና በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሦስት ቅዳሜ ተሰብስበን «ስታር ዋርስ» ከተባለው ዝነኛ ታሪክ መነሻውን የሚያሳዩትን ሦስት ፊልሞች በተርታ አየን። ሦስተኛው አልቆ መብራት ሲበራ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እጅዋን አውጥታ፥ «መምህር፥ ይህ ሰው ክፉ የሆነው በየትኛው ቀን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄውም እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

ታሪኩን ላላየ ሰው ባጭሩ ልናገር። አሜሪካዊው የፊልም ሰው ጆርጅ ሉካስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ባወጣው ፊልም ዳርት ቬደር የሚባል፥ ጥቁር ካባ የለበሰ፥ ፊቱን በጥቁር ጭንብል የሸፈነ፥ ትንፋሹ ከሩቅ የሚሰማ ክፉ ሰው ለዓለም አስተዋወቀ። ታሪኩ በ1980 እና በ1983 በወጡት ሁለት ፊልሞች ቀጥሎ ተፈጸመ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሉካስ ወደ ኋላ ተመልሶ፥ ያ ጥቁር ሰው አስቀድሞ ማን እንደ ነበረ የሚያሳዩ ሦስት ፊልሞች በ1999፥ በ2002 እና በ2005 ሠራ። እንግዲህ ተመልካቹ መጨረሻውን ያውቀዋል፤ አናኪን የተባለው ደግ ልጅ ዳርት ቬደር ይሆናል። ስለዚህ የፊልሞቹ ዋጋ በሙሉ ያለው በመንገዱ ላይ ነው።

ለእንዲህ ያለው መንገድ እኛ የቆየ መለኪያ አለን። ልጅ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ደስ ብሏት ተቀበለችው። ከእንቁላል ወደ ዶሮ፥ ከዶሮ ወደ በግ፥ ከበግ ወደ በሬ ሄደና በመጨረሻ ሊሰቀል ሲወሰድ፥ «እናቴ ሆይ፥ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ ይባላል። ተረቱ አጭር ነው፤ ነገር ግን አንድም ደረጃ አይዘልም። የሉካስን ፊልሞች በዚህ ብንመዝናቸው ጉድለታቸው ይታያል።

በፊተኛው ፊልም አናኪን የዘጠኝ ዓመት ባሪያ ነው። እናቱን ይወዳል፥ እንግዳ ይረዳል፥ እንከን አይገኝበትም። ሁለተኛው ፊልም ሲከፈት ግን ዐሥር ዓመት አልፎ ኩሩና ቁጡ ጎረምሳ ሆኖ ይጠብቀናል። ጠባዩ የተለወጠበት ያ ዐሥር ዓመት ከዓይናችን ተሰውሯል።

ክፉዎቹም ቢሆኑ እንደ መንገደኛ እንግዳ ናቸው። ፊቱ ቀይና ጥቁር የሆነው ዳርት ሞል ጥቂት ቃል ተናግሮ በፊተኛው ፊልም መጨረሻ ይወድቃል። ሽማግሌው ካውንት ዱኩ በሁለተኛው መጥቶ በሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ይገደላል። ጄኔራል ግሪቨስ ደግሞ በሦስተኛው መጥቶ በዚያው ይሞታል። ወዳጅነት ጊዜ እንደሚፈልግ ሁሉ ጠላትነትም ጊዜ ይፈልጋል፤ ትናንት የተዋወቅነው ሰው ቢሸነፍ ምን ደስታ ይሰጠናል? የሦስተኛው ፊልም መግቢያ ጽሑፍ በሁለቱም ወገን ጀግኖች እንዳሉ ይነግረናል፤ በጠላት ወገን የሚሰለፈው ግን የብረት ወታደር ነው፤ ጀግና የተባለውን አንድም አናይም። እርግጥ ነው፥ በስውር ሁለቱንም ጦር የሚያንቀሳቅሰው ፓልፓቲን፥ ፈገግታውና ትዕግሥቱ የሚያስፈራ፥ ከሁሉ የተሻለ ክፉ ነው። ይሁን እንጂ ማንም ቢያሸንፍ አሸናፊው እርሱ ስለ ሆነ፥ ጀግኖቹ የሚያገኙት ድል ሁሉ ባዶ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን እንቁላሉ ከተገኘ በኋላ መጣሉ ነው። በሁለተኛው ፊልም የአናኪን እናት በጠላት ሰፈር ታስራ ቆይታ እቅፉ ውስጥ ትሞታለች። እርሱም በቁጣ የሰፈሩን ሰው ሴትና ሕፃን ሳይለይ ይፈጃል፤ ተመልሶም ለሚወዳት ለፓድሜ እያለቀሰ ይነግራታል። እርሷ ታጽናናዋለች፤ ፊልሙ ሳያልቅም ታገባዋለች። በሦስተኛው ፊልም ፓልፓቲን ነገሩን በአንዲት ቃል ከማንሣቱ በቀር የጠየቀው የለም። ፓድሜ በተረቱ ውስጥ የእናቲቱን ቦታ ይዛለች፤ ደራሲው ግን ይህን ያስተዋለው አይመስልም።

በሦስተኛው ፊልም አናኪን ሚስቱ በወሊድ ስትሞት በሕልሙ ያያል። ፓልፓቲን ከሞት የሚያድን ኃይል አለ ብሎ ያባብለዋል። ክፋት በፍቅር በር መግባቱ እውነተኛ ነገር ነው፤ ለዚህ ሉካስን አመሰግነዋለሁ። ዳሩ ግን አናኪን ፓልፓቲንን ሊገድል የተነሣውን ሹም እጁን ቆርጦ ካስገደለ በኋላ ምን አደረግሁ ብሎ ይጸጸታል፤ ወዲያው ተንበርክኮ ለፓልፓቲን ያድራል፤ ብዙም ሳይቆይ ሄዶ ሕፃናት ተማሪዎችን ይገድላል። ከጸጸቱ እስከ ሕፃናቱ ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና አያስጠጣም።

አንድ ተማሪዬ፥ «ሰው በአንድ ሌሊት ሊለወጥ አይችልም ወይ?» ብሎ ተከራከረኝ። ይችል ይሆናል። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነው። ካቻምና፥ በተማሪነቴ ዘመን ብዙ የረዱኝ የአንዲት ዘመዴ ልጅ እኔ ክፍል ነበረ። 48 አገኘ። እናቱ መጥተው፥ «ልጄ፥ አንተ እያለህ?» አሉኝ። ሁለት ማርክ ጨመርሁለት። ውለታ መመለስ ነው እንጂ በደል አይደለም አልሁ። በዚያው ክፍል 48 አግኝቶ፥ የሚለምንለት ዘመድ በማጣቱ የወደቀ ሌላ ልጅ ነበረ። በሁለተኛው መንፈቅ የዘመዴ ልጅ 41 አመጣ። እናቱ እንደ ገና መጡ፤ አሁን ግን አልለመኑኝም፥ ፈገግ ብለው ጠበቁኝ እንጂ። ያን ጊዜ ከእንቁላሉ ወደ ዶሮው መድረሴን አወቅሁና አይሆንም አልኋቸው። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ። ሁለቱ ማርክ ግን እስከ ዛሬ በመዝገብ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ለልጅቱ ሰኞ ዕለት እንዲህ ብዬ መለስሁላት፤ «ቀኑን ፊልሙ አላሳየሽም እንጂ፥ ስለ ፊተኛው ጥፋቱ የጠየቀው ሰው ያጣበት ቀን ነው።» ጥቂት አሰበችና፥ «ራሱስ ራሱን ለምን አልጠየቀም?» አለችኝ። ለዚህኛው እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ ክፉ ሰው ሲያዩት ደስ የሚለው እኛን ስለማይመስል ነው። ከጭንብሉ በፊት ያለውን ፊት አሳያለሁ ብሎ የሚነሣ ፊልም ግን እኛን መምሰሉን ሊያሳየን ይገባው ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተም ዛሬ ጠረጴዛህ ላይ አንዲት ፋይል ተቀምጣ ይሆናል፤ ባለጉዳዩም የምትወደው ወይም ውለታ የዋለልህ ሰው ይሆናል። ከመፈረምህ በፊት፥ ከሥርዋ የተቀመጠው የሌላው ሰው ፋይል የማን እንደ ሆነ ገልጠህ ተመልከት።