ቱሉ ቦሎ ላይ የተያዘው ልጅ

ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፣ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.። ያደገው ግን እዚሁ ጎረቤታችን ወሊሶ ነው፣ አያቱ ጋ። አያት ራስ ጎበና ትምህርት ቤት አስገቡት። የፈለጉት ልጁ ተምሮ ሰው እንዲሆንላቸው ነው። ልጁ ደግሞ ያንጎራጉራል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሱዳናዊ ነበሩ፤ ዝም በል ከማለት ይልቅ አበረታቱት። (ርዕሰ መምህራን ወዳጆቼ፣ እዚች ጋ ቆም በሉልኝ።)

ከዕለታት አንድ ቀን የሀገር ፍቅር ሰዎች ወሊሶ መጡ። እነ ንጋቷ ከልካይ፣ እነ ኢዮኤል ዮሐንስ። እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ትርኢት አሳዩ። ልጁ ኢዮኤልን ጠጋ ብሎ መዝፈን እንደሚፈልግ ነገራቸው፤ እሳቸውም አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበት ነገሩት። በቃ። ለአያቱ ትንፍሽ ሳይል በእግሩ የአዲስ አበባን መንገድ ተያያዘው። አያትየው ተከትለው ቱሉ ቦሎ ላይ ያዙት። ዘመድ ቤት አሳድረው ወደ ወሊሶ መለሱት። ብዙም አልቆየም፣ ተመልሶ ጠፋ። በዚህኛው ጊዜ ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እኔ ከአምቦ በወንጪ በኩል ወሊሶ ወርጄ በቱሉ ቦሎ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው አያትየውን ነው። አልፈርድባቸውም። በዚያ ዘመን ልጄ ዘፋኝ ሆነ ማለት አዝማሪ ሆነ ማለት ነው፤ አዝማሪ የሚለው ቃል ደግሞ እንደ ስድብ ነበር የሚወረወረው። ግን አንድ ትርኢት፣ ያውም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የታየ፣ አንድን ልጅ እንዴት አድርጎ ከቤቱ ነቅሎ እንደሚያስሮጥ አውቀዋለሁ። በደንብ ነው የማውቀው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በቀደም አንድ የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ ጻፈልኝ። ስሙን አልጠራም፣ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። የጊንጪ ልጅ ነው፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቆሎ የሚቆረጥም ዓይነት። ዛሬ አዲስ አበባ ይኖራል፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አባት ሆኗል። ልጅቷን የሮክ ፍቅር ይዟታል። ያውም የዛሬው ሮክ አይደለም፤ ሌድ ዘፕሊን፣ ፒንክ ፍሎይድ፣ ዲፕ ፐርፕል። አባቷ ሳይወለድ የተቀረጸ ነገር። አሁን ደግሞ ኮንሰርት ካልሄድኩ ብላ ቤቱን አንድ እግሩን አቁማዋለች። አባት፣ ሴት ልጅ በማታ፣ እንዴት ተደርጎ! «ቲቸር፣ እርስዎን ትሰማለች፣ ደውለው ይምከሩልኝ» አለኝ።

ደወልኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ አወራን። ማን ማንን እንደመከረ እንጃ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «የእርስዎ የመጀመሪያ ኮንሰርት የት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እሷ የሰማችውን እናንተም ስሙት።

1974 ዓ.ም. ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ቤታችን አምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ወንድሜ ናሽናል ቴፕ ነበረችው፤ ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ሁለት ሦስት ዘፈን ይጫወታል። ከዚያ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ መጥቶ ዝም። እኔ ዘፈን የማውቀው እንዲህ ነው። ከሳጥን ውስጥ የሚወጣ የአንድ ሰው ድምፅ።

ከአዲስ አበባ የኪነት ቡድን ይመጣል ተባለ። መግቢያው ሁለት ብር። ሁለት ብር ያኔ ቀልድ አይደለም። ብሩስ ይገኛል እንበል፣ እናቴስ? «ወንድሟ ይዟት ይሂድ፣ ወንድሟ ይዟት ይምጣ፤ ፀጉሯ ቢጎድል ከእሱ እጅ ነው የምፈልገው» ብላ ፈቀደች። ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ እጄን አልለቀቀም። ለማጨብጨብ እንኳ ተቸግሬ ነበር።

በአሥራ አንድ ሰዓት ተጀመረ። ሰዓት እላፊ ስላለ በጊዜ ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ የትግል መዝሙር። ከዚያ አጭር ድራማ፤ አድኃሪው የሚሸነፍበት፣ ሁልጊዜም የሚሸነፍበት። ከዚያ የብሔረሰቦች ውዝዋዜ። ከዚያ መጋረጃው ተዘግቶ ሲከፈት ዘመናዊው ባንድ ተደርድሯል፦ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኦርጋን፣ ድራም፣ ሁለት ሳክስፎን፣ አንድ ትራምፔት። የእነ ጥላሁንንና የእነ ማሕሙድን ዘፈኖች የሚዘፍን አንድ ቀጭን ልጅ ፊት ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ከገጠር የመጣ ነው፣ አማርኛው እዚህ ግባ አይባልም፤ ዘፈኑን ግን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ቃሉን እንደሰማው እንደሰማው እያጣመመ፣ ዜማውን ዝንፍ ሳያደርግ።

ድራሙ ሲመታ ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ይህን ቴፗ አልነገረችኝም ነበር። ቤዝ ጊታር የሚባል ነገር መኖሩንም ያን ቀን በአግዳሚ ወንበሩ በኩል፣ በመቀመጫዬ ነው የሰማሁት።

አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ጠፋ።

አዳራሹ ድቅድቅ። ጊታሩ ሞተ። ቤዙ ሞተ። ኦርጋኑ እንደታነቀ ሰው ድምፁ ተቆረጠ። ማይክሮፎኑም። አሁን በቃ አለቀ ስንል፣ ድራሙ አላቆመም። አንድ ልክ እንኳ አላዛነፈም። ሁለቱ ሳክስፎኖችና ትራምፔቷም አላቆሙም። መብራት አይፈልጉማ! ትንፋሽ ነው የሚፈልጉት። ዘፋኙ ያለ ማይክ ወደ መድረኩ ጫፍ መጥቶ በጉሮሮው ብቻ ይዘፍን ጀመር፣ የማይሰማውን ደግሞ እኛ ሞላንለት። አንድ አምስት ደቂቃ ይሆናል፣ በጨለማ። ወንድሜ እጄን ይበልጥ ጨመቀው፤ እኔ ግን ፍርሃት የሚባል አልነበረብኝም። መብራቱ ሲመለስ ጊታሩ ከነበረበት ሳይሆን ዘፈኑ ከደረሰበት ቦታ ገባ። ልጁ መብራት በሌለበት ሁሉ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ሲጫወት ቆይቶ ነበር ማለት ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው ብል ውሸት ይሆናል። ግን ኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የፈለግሁት ከዚያ ማታ ጀምሮ ነው። ከጅማቶቹ ሥር ማግኔትና የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። የብረቱ ጅማት ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ እጅግ ትንሽ ኮረንቲ ይፈጠራል። ያ ኮረንቲ ብቻውን ጉንዳን አይቀሰቅስም፤ አምፕሊፋየሩ ነው የሚያጎላው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ጊታሩ ዝም አይልም፣ እኛ ነን የማንሰማው። ክራር ይዤ ክፍል የገባሁበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ አይደል? ጅማቷን መሃል ላይ በጣቴ ነካ አድርጌ ስመታት ፍሪኩዌንሲዋ እጥፍ የሆነችበት ቀን። ጌዶም፣ ጊንጪም፣ አምቦም ያችው ክራር ናት። የዛሬ ዓመት አንገቷ ተሰብሮ አስጠግኛታለሁ።

ሮክ ወደኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ በሌላ በር። አምቦ እርሻ ኮሌጅ የሚማር የወንድሜ ጓደኛ ካሴት አዋሰን። ዲፕ ፐርፕል፣ በፈረንጅ 1972 ኦሳካና ቶኪዮ ላይ መድረክ ላይ እያሉ የተቀረጸው። እንግሊዝኛው አልገባኝም፤ እንደዚያ አጠገቤ እንደተቀመጠው ልጅ ነበርኩ። ኦርጋኑ ግን ገባኝ። ጆን ሎርድ የሚባለው ሰውዬ ሃሞንድ ኦርጋኑን በጊታር አምፕሊፋየር ነው የሚያስወጣው፤ ለዚያ ነው እንደ አውሬ የሚያጓራው። ካሴቱን ባዶ ቲዲኬ ገዝተን አስቀዳነው። ሪባኑ እስኪሳሳ ሰማሁት። በእስክሪብቶ ስንት ጊዜ እንደጠቀለልኩት ቁጥሩን አላውቀውም።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ጮኸች። «ቲቸር ዲፕ ፐርፕል ያውቃሉ!» ብላ አባቷን ጠራችው። አባትየው ስልኩ ላይ ምን እንዳለ አልጽፈውም።

እኔ ደግሞ እሷ የማታውቀውን ነገርኳት። ዉድስቶክ የሚሉት ያ ትልቁ የአሜሪካ ኮንሰርት፣ ሳንታና ከነከበሮው የታየበት፣ በፈረንጅ ነሐሴ 1969 ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ የሚባል ገና ሃያዎቹን ያልጨረሰ ወጣት ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ያኔ የሸክላ ሥራ በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሞክር ሊታሰር ይችላል። አምሃ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ህንድ አገር ልኮ አሳትሞ አስመጣ። ሰዎቻችን ዋው ዋው የሚለውን ጊታር፣ ኦርጋኑን፣ ቅጥ ያለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይዘው ትዝታንና አንቺ ሆዬን ሲያስኬዱ ከዓለም ወደ ኋላ የቀሩ አልነበሩም። ሮክ ባይባልም ዘመዱ ነው። የአክስት ልጅ በሉት።

አሁንም የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ እሱንም ነግሬያታለሁ። የዚያ ዘመን ካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶ ሞልቶ፣ የተጫዋቾቹ ስም ወይ የለም ወይ በማጉያ መነጽር የሚነበብ ነው። ሮሃ ባንድ ስንት ካሴት አጅቧል? ሰላም ስዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ፈቃዱ አምደመስቀል በሳክስፎን፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ። ልጆቻችንን እነዚህን ስሞች ብትጠይቋቸው አይመልሱም። የሌድ ዘፕሊኑን ድራም መቺ ግን ይነግሯችኋል፣ ምክንያቱም ፈረንጅ ጽፎላቸዋል። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ላይ ስንት ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የመኪናው ኮፈን ውስጥ ይዞ፣ ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር። በፈረንጅ 1985 ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 ውጭ አገር እንደገና ሲታተም ነው ዓለም «ይህ ሰው ማነው?» ያለው። ተመልሶም መድረክ ላይ ወጣ። ልጅቷ ያን ካሴት ያኔውኑ ስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘችው። «ሮክ አይደለም፣ ግን ያስፈራል» አለችኝ። ጥሩ ጆሮ አላት።

ሮክ ነኝ ያለ የኛ ባንድ ከፈለግሽ ብዬ ጃኖዎችን ነገርኳት፤ ኤርታሌ የሚለውን፣ በፈረንጅ 2012 የወጣውን፣ ቢል ላስዌል ያቀናበረውን። ታውቃቸዋለች።

ስለ ሃጫሉም ጠየቀችኝ፣ የአምቦ ሰው ስለሆንኩ። የመጀመሪያ አልበሙን ግጥም አብዛኛውን እስር ቤት ሳለ እንደጻፈው፣ ሲታሰር እሷን በአንድ ዓመት ብቻ የሚበልጥ ልጅ እንደነበረ ነገርኳት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሰኔ 22 ቀን 2012 የሆነውን፣ ከዚያም በኋላ ከተማችን እንዴት እንደሰነበተች ብዙዎቻችሁ ከኔ እኩል ታውቃላችሁ። እሱን ሌላ ቀን እጽፈው ይሆናል።

ወደ አባትየው ልመለስ። ማታ መመለሻ ያሳስበዋል፤ ልክ ነው፣ ያሳስባል። ግፊያውም ያሳስባል። የድምፁም ነገር አለ፦ ኮንሰርት ላይ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይደርሳል፣ ስፒከር ሥር ሰዓታት መቆም ጆሮ ይጎዳል፣ ስለዚህ ራቅ ብሎ መቆምና ፋርማሲ የሚሸጠውን የጆሮ መድፈኛ መያዝ ነው። እነዚህ መፍትሔ ያላቸው ነገሮች ናቸው። «ሮክ የሰይጣን ነው ይባላል» ያለኝን ግን አልተቀበልኩትም። በእኔ ጊዜ «የኢምፔሪያሊስት ባህል» ነበር የሚባለው። ስሙ ይቀያየራል እንጂ የሚከለከለው ያው ልጅ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ኦርጋን የሚባል ነገር አይታም አታውቅ፤ ግን ወንድሜን ጠርታ «ይዘሃት ሂድ» አለች። አትሂጂ ብትለኝ ኖሮ እኔም የራሴ ቱሉ ቦሎ ይኖረኝ ነበር፣ እሱን ለአባትየው በግልጽ ነግሬዋለሁ።

ሁለት ቀን ዝም አለኝ። በሦስተኛው ቀን የቲኬት ፎቶ ላከልኝ፣ ሦስት ቲኬት። አንዱ ለማነው ብለው «ለእርስዎ» አለ። እሱ ራሱ ውጭ መኪና ውስጥ ሆኖ ሊጠብቀን አስቦ ነበር፤ ልጅቷ እምቢ ብላ አስገብታዋለች።

እና ቅዳሜ ጠዋት ከአምቦ መናኸሪያ እነሳለሁ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነኝ፣ ጉልበቴም እንደድሮው አይደለም። ቦታውን የምታውቁ ተማሪዎቼ ካላችሁ፣ መቀመጫ ያለው በየትኛው በር በኩል እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።