ለአዲስ ኡስታዝ፦ የዛሬው ትምህርት ስንት ይሁን?

አዳዲስ ኡስታዞች የትምህርት ዕቅዳቸውን ሲያሳዩኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የደረሶቹን ቁጥር ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ልጆቹ 30 ናቸው እንበል። እያንዳንዱ የትናንቱን ለማሰማት አንድ ደቂቃ ቢወስድ ለአዲሱ የሚተርፈው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ታዲያ ወንድሜ፣ በዚህች 10 ደቂቃ ባን፣ ታንና ሣን ከነሐረካቸው፣ በዚያ ላይ የውዱእ አደራረግና አንድ ዱዓ መጨመሩ ማንን ይጠቅማል? ሦስቱ ፊደላት ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ነው። ባንድ ቀን ከተሰጡ ልጁ ነጥቡን ያምታታል። ባን ዛሬ፣ ታን ነገ ማድረጉ ይበጃል።

ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎችን በየሐሙሱ ያስተምሩ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ቢሆንልን ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እንዳያሰለቿቸው በመፍራት መሆኑን ነገሩት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለሶሐቦቻቸው እንዲሁ ጊዜ ይመርጡ እንደነበር ገለጹለት። ሐዲሱ በቡኻሪ ይገኛል። ያውም ጠያቂው ጉጉት ያደረበት ዐዋቂ ሰው ነው። የእኛዎቹ ከቀለም ትምህርት ቤት ደክመው የሚመጡ የ7 ዓመት ሕፃናት ናቸው።

ትምህርት የበዛበት ልጅ በዛብኝ አይልም። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ከዚያ ይቀራል። እኛም «ሰነፍ ነው» ብለን ስሙን ከመዝገብ እንሰርዛለን (ሰነፍም አይጠፋም፤ ግን የሚባለውን ያህል አይደለም)። ከስሙ በፊት ከዕቅዱ ላይ ግማሹ ይሰረዝ። ወላጅ መጥቶ «እስካሁን አንድ ፊደል ብቻ?» ቢልህ፣ አትከራከር። ልጁን ጥራና ከፊቱ አስነብበው።