የፓወር ሰፕላዩ ጥቅል ሽቦና የኒውትራሉ ሸክም

አንዳንድ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ክዳኑ ሲከፈት የክብደቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የብረት እምብርት ያለው አንድ ጥቅል ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ፓሲቭ የፓወር ፋክተር ማስተካከያ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለበትም።

ሬክቲፋየሩ ትልቁን ካፓሲተር የሚሞላው የመስመሩ ቮልቴጅ ጫፍ ሲደርስ ባለችው አጭር ቅጽበት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ መሣሪያው ከመስመሩ ምንም አይስብም። ስለዚህ ጅረቱ በሳይን ሞገድ ፈንታ ቀጭንና ረጅም ምት ይሆናል፤ ፓወር ፋክተሩም ወደ 0.65 ገደማ ይወርዳል። ጥቅል ሽቦው ድንገተኛ የጅረት ለውጥን ስለሚቃወም ምቱን ያሰፋዋል፤ ጫፉንም ዝቅ ያደርገዋል።

በሞተር የለመደ ባለሙያ እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። የሞተር ጅረት ከቮልቴጁ ወደ ኋላ ስለሚቀር መድኃኒቱ ካፓሲተር ነው። በፓወር ሰፕላይ ግን የጅረቱ መሠረታዊ ሞገድ ከቮልቴጁ ብዙም አይርቅም፤ የተበላሸው ቅርጹ ነው። የካፓሲተር ባንክ ቢጨመር ቅርጹን አያቃናም፤ እንዲያውም ከትራንስፎርመሩ ጋር ሬዞናንስ ፈጥሮ ሃርሞኒኩን ሊያጎላው ይችላል።

የጥቅል ሽቦው ውለታ ምን ያህል እንደሆነ ከአይኢሲ 61000-3-2 መስፈርት መረዳት ይቻላል። መስፈርቱ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን በሚገኙበት ምድብ ዲ ለእያንዳንዱ ዋት ለ3ኛው ሃርሞኒክ 3.4፣ ለ5ኛው 1.9፣ ለ7ኛው 1.0 ሚሊአምፔር ይፈቅዳል። በ230 ቮልት 300 ዋት የሚወስድ መሣሪያ መሠረታዊ ጅረቱ 1.3 አምፔር ሲሆን የተፈቀደለት 3ኛ ሃርሞኒክ ብቻውን 1.02 አምፔር ነው። በእነዚህ ወሰኖች ጫፍ ላይ የቆመ መሣሪያ ጠቅላላ ጅረቱ 1.8 አምፔር ገደማ፣ ፓወር ፋክተሩም 0.73 አካባቢ ይሆናል። ፓሲቭ ማስተካከያ የሚያደርሰውም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። መስፈርቱ ለጋስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለጋስነቱ የሚከፈለው ግን በሕንፃው ሽቦ ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት መሣሪያዎች በሦስቱ ፌዞች ላይ ቢከፋፈሉ መሠረታዊ ጅረቶቻቸው በኒውትራሉ ላይ ይጣፋሉ፤ 3ኛ ሃርሞኒኮቻቸው ግን አንድ ላይ ስለሚገጥሙ ይደመራሉ። በእያንዳንዱ ፌዝ 1.8 አምፔር ሲያልፍ በኒውትራሉ ከ3 አምፔር በላይ ያልፋል ማለት ነው። በአሮጌ ሕንፃዎች ደግሞ ኒውትራሉ ከፌዙ የቀጠነበት ጊዜ አለ። የኮምፒውተሩ ባለቤት ይህን ከቆጣሪው አያይም፤ የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነውና።

አክቲቭ ማስተካከያ ፓወር ፋክተሩን ወደ 0.99 ያደርሳል፤ ነገር ግን የራሱን ትራንዚስተርና መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ጥቅል ሽቦው ከብዶና አንዳንዴም እያጉረመረመ ቢሠራም የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው። አዳራሽ ሙሉ ኮምፒውተር የሚተክል መሐንዲስ ጥቅል ሽቦውን ሲመርጥ የኒውትራሉን ውፍረት አብሮ ማስላት ይኖርበታል፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ ፌዙን ብቻ ነው።