ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ

ፖርት ቤል በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚገኝ ወደብ ነው። ስለዚህ ስፍራ ባሰብሁ ቁጥር ሁለት ነገሮች በሐሳቤ ይመላለሳሉ፤ አንደኛው በወደቡ አጠገብ የሚገኘው የቢራ ፋብሪካ፣ ሁለተኛው የመርቺሰን ባሕረ ሰላጤ ነው። የካምፓላ ፍሳሽ በናኪቩቦ ቦይ ወርዶ ከዚህ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ ከተማዋም ከዚሁ የመጠጥ ውኃ ትቀዳለች።

በመጀመሪያ ፋብሪካውን እንመልከት። የብቅሉ ስታርች በሞቀ ውኃ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ለዋጩም አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እናቶቻችን ለጠላ ብቅል የሚያዘጋጁትም ስለዚሁ ነው። ኢንዛይም ለውጥን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም። እንዲህ ያለውን አፋጣኝ ኬሚስቶች ካታሊስት ይሉታል። መጠኑ በናኖሜትር ይለካል፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ተፈጥሮ ረቂቅ ሥራዋን በውኃ ውስጥ ታከናውናለች ማለት ነው።

መድኃኒትና ቀለም የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ግን በአብዛኛው በሌላ መንገድ ሲሄዱ ኖረዋል። ብዙዎቹ ኦርጋኒክ ውሁዶች እንደ ቅባት ከውኃ ጋር ስለማይስማሙ፣ ቶሉዊንን በመሳሰሉ ተቀጣጣይና ጤና ጎጂ አሟሚዎች ይሟሟሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኬሚስት ሮናልድ ብሬስሎ ከባልደረባው ጋር፣ አንዳንድ ኦርጋኒክ ለውጦች በውኃ ውስጥ እንዲያውም እንደሚፈጥኑ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች እንደ ፓላዲየምና ወርቅ ያሉትን ብረቶች በናኖሜትር መጠን አድቅቀው በውኃ ውስጥ ያሠሯቸው ጀመር። ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር ለሥራ የሚጋለጠው ገጽ ይሰፋልና ጥቂት ብረት ብዙ ይሠራል። ሳሙና ቅባትን አቅፎ በውኃ ውስጥ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ሳሙና መሰል ቅመሞችም ውሁዶቹን ከካታሊስቱ ጋር ያገናኟቸዋል።

ይሁን እንጂ በውኃ መሥራት ብቻውን ንጽሕና አይሆንም። ቅንጣቶቹ አምልጠው ሐይቅ ቢገቡ ሌላ ብክለት ይሆናሉ። ስለዚህ ማግኔት በሚስበው የብረት ኦክሳይድ ላይ ያጣብቋቸውና፣ ከሥራ በኋላ በማግኔት ለቅመው ዳግመኛ ይጠቀሙባቸዋል። እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ ዋጋ መመዘን ያለበት በመጨረሻ በሚለቀቀው ውኃ ነው።

አበው «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። ባሕረ ሰላጤ ከደፈረሰ በኋላ ማጣራት እጅግ ውድ ነው፤ ሥራው ገና ሲታቀድ መርዙን መተው ግን ይቀላል። ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚመነጨው ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሰሜን ይወርዳል። ነገ ፋብሪካ የምታቅዱ ተማሪዎች ሆይ፣ ከላይ የሚኖር ሁሉ ከታች ለሚጠጣው ኃላፊ መሆኑን አስታውሱ።