ከወለጋ የሄዱ መምህራንና የሚኒያፖሊስ የትምህርት ቦርድ

መንትያ ከተሞች በሚባሉት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከደምቢ ዶሎና ከጊዳ አያና አካባቢ የሄዱ ቤተሰቦች የሚኖሩ ሲሆን፣ ከመካከላቸው በአገር ቤት ጠመኔ ይዘው ዓመታት ያስተማሩ፣ በባዕድ ከተማ ግን የመምህርነት ፈቃዳቸው ስለማይሠራላቸው በመጋዘን፣ በሹፍርናና በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በልጆቻቸው ትምህርት ቤት ዝም ብለው የሚሰሙ ወላጆች ብቻ ሆነው መቅረታቸው ለከተማውም ሆነ ለማኅበረሰባቸው እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም የሙያ ፈቃድ ማጣት የከለከላቸውን ድምፅ የትምህርት ቦርድ ሊመልስላቸው ይችላል።

የትምህርት ቦርድ ማለት በአንድ አካባቢ የሚገኙትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በበላይነት የሚመራ፣ በነዋሪው ድምፅ የሚመረጥ አካል ነው። የሚኒያፖሊስ ቦርድ 9 አባላት ሲኖሩት፣ 6ቱ በየምርጫ ክልላቸው፣ 3ቱ በመላ ከተማው ነዋሪ ለ4 ዓመት ይመረጣሉ፤ ቦርዱ ዓመታዊ በጀቱን ያጸድቃል፣ ትምህርት ቤት ይከፈት ወይም ይዘጋ እንደሆነ ይወስናል፣ የትምህርት ቤቶቹን ዋና ሥራ አስኪያጅም ይቀጥራል። ዕጩው የምርጫ መብት ያለው ዜጋ መሆን አለበት እንጂ በአሜሪካ የተሰጠ የመምህርነት ፈቃድ እንዲኖረው አይጠየቅም።

በጊዳ አያና ወይም በነቀምቴ ያስተማረ ሰው ለዚህ አሠራር ፍጹም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ እንዲሁም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የሚባሉት አካላት አሉ፤ በእነዚህም ወላጆች ለመማሪያ ክፍል ግንባታ ገንዘብና ጉልበት ሲያዋጡ፣ ያቋረጡ ተማሪዎችን ሲመልሱ መምህሩ አብሮ ይሠራል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ በቀበሌው ቦርድ የወላጁ ድርሻ በአብዛኛው መዋጮ ሲሆን፣ በሚኒያፖሊስ ግን ትልቁን በጀት የሚያጸድቀው ይኸው በነዋሪው የተመረጠ ቦርድ ነው።

መንገዱን የከፈተ ጎረቤት አለ። ከሶማሊያ በስደት የሄደው ሁሴን ሳማታር እ.ኤ.አ. በ2010 ለሚኒያፖሊስ ትምህርት ቦርድ ሲመረጥ፣ በሚኒሶታ በሕዝብ ድምፅ ሥልጣን የያዘ የመጀመሪያው ሶማሌ ሆኗል፤ በ2013 በሞት እስከተለየበት ጊዜ ድረስም አገልግሏል። ምርጫው በስም የፓርቲ ባይሆንም የፓርቲ ድጋፍ ትልቅ ክብደት ስላለው፣ ዕጩው የፓርቲ ጉባኤ መከታተልና ቤት ለቤት እየዞረ ራሱን ማስተዋወቅ ይኖርበታል፤ ይህም የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ወላጅ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቤተ እምነቶችና የመረዳጃ ማኅበራት ለለቅሶና ለሠርግ እንደሚሰበሰቡት ሁሉ ለዕጩውም ጊዜና ገንዘብ ሊያዋጡ ይገባል።

ለቀድሞ መምህር ከሁሉ የሚከብደው ግን ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የሚኒያፖሊስ መምህራን በደመወዝና በክፍል ተማሪዎች ብዛት ጥያቄ ሦስት ሳምንት ገደማ ሥራ ሲያቆሙ፣ በአሠሪነት የቆመው በቦርዱ የሚመራው አስተዳደር ነበር። ከክፍል የወጣ ሰው ቦርድ ሲገባ በድርድር ጠረጴዛ ከመምህራኑ ትይዩ ይቀመጣል፤ ለበጀቱም ለመምህሩም ታማኝ መሆን የሚጠበቅበትም ያን ጊዜ ነው።