አሮጌው ሰሌዳ አይጣል

ላስ ቬጋስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቁማርን ነው። እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ቆመው የሚጫወቱበት የፒንቦል ሙዚየም ነው። «ፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ታዋቂው የላስ ቬጋስ ጎዳና ተዛውሯል።

ፒንቦል ከመስታወት ሥር ባለ ዘመም ያለ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ የሚንከባለልበት ጨዋታ ነው። ሰሌዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ በላዩ ያማረ ሥዕል ታትሞበታል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የአንዳንዶቹ ቀለም በኳሱ ምልልስ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቷል።

ዛሬ ለዚህ መላ አለው። የተፋቀው ሰሌዳ በስካነር ይነሣል፤ የጎደለው በኮምፒውተር ይሞላል። ከዚያም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወዲያው በሚደርቅ ቀለም በአዲስ እንጨት ላይ ይታተማል፤ መከላከያ ቫርኒሽም ይቀባል።

ታዲያ አሮጌው ይጣል? እኔ አይጣል እላለሁ። ከፕላስቲክ ክዳኖቹ ሥር ብርሃን ብዙም ያልነካው ቀለም ተደብቆ ይኖራል፤ ለአታሚው የመጀመሪያውን መልክ የሚመሰክርለት እሱ ነው። አዲሱ ሰሌዳ ለልጆች መጫወቻ ይሁን፤ አሮጌው ይቀመጥ። እናንተም የወላጆቻችሁን የሠርግ ፎቶ አሳድሳችሁ ስታሳትሙ፣ ዋናውን ከሣጥኑ አታውጡት።