የተምር ዳቦና የቤታችን ሚዛን



የረመዷን ማዕድ ሲነሣ ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው ሾርባውን፣ ሳምቡሳውንና ተምሩን ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ጾማቸውን በእሸት ተምር፣ እሸቱ ካልተገኘ በደረቁ፣ እሱም ከታጣ በውኃ ይፈቱ እንደ ነበር ተዘግቦልናል። በመሆኑም በወሩ ውስጥ ተምር ከቤታችን አይጠፋም። ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ግን በዚሁ ተምርና በኦቾሎኒ ስለሚጋገር፣ እርሾ ስለማያስፈልገው ዳቦ ነው።

ባልና ሚስት ሁለታችንም መምህራን ነን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ደግሞ እርሾ ያለው ሊጥ አቡክቶ፣ ኩፍ እስኪል ጠብቆ ለመጋገር አይበቃም። የተምሩ ዳቦ ግን ከማደባለቁ እስከ መጋገሩ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው።

አብረውን የሚኖሩት እናታችን የድፎ ዳቦ ባለሙያ ናቸው። ሊጡን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ ከታችም ከላይም እሳት አድርገው ሲጋግሩ ዱቄቱን የሚለኩት በዓይናቸው፣ ውኃውን የሚመጥኑት በእጃቸው ነው። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር በመሆኑ ይህ ግምት ያዋጣቸዋል፤ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ጊዜ ሲሰጡት ራሱን ያበዛልና። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሕይወት የለውም። ቤኪንግ ሶዳ፣ ደረቅ አሲድና እርጥበት እንዳያገኛቸው የሚጠብቅ ስታርች በአንድነት የተቀላቀሉበት ዱቄት ነው። ውኃና ሙቀት ሲያገኝ ሶዳውና አሲዱ ይገናኙና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይለቃሉ፤ ዳቦውን የሚነፋው ይኸው ጋዝ ነው። ካነሰ ዳቦው ይደድራል። ሶዳው ከበዛ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል። በዚያ ላይ ጿሚ ሆነን ስለምንሠራ ሊጡን አንቀምስም። ስለዚህ የምላሳችንን ሥራ የሚሠራልን ልኩ ነው።

ልኩም የሚከተለው ነው፦ ዘሩ የወጣለት ተምር 240 ግራም፣ የስንዴ ዱቄት 250 ግራም፣ ተቆልቶ የተከካ ኦቾሎኒ 75 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ፓውደር 2 የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጥቂት ቀረፋና ሄል፣ የፈላ ውኃ 240 ሚሊ ሊትር። ኦቾሎኒው የባቢሌ ቢሆን ደስ ይለናል፤ ተምሩም ከአፋር አሳይታ የመጣ ከተገኘ የአገራችን በረካ ነው።

ተምሩን በደቃቁ ከትፈን ሶዳውን እንነሰንስበትና የፈላውን ውኃ እናፈስበታለን። ሶዳው የተምሩን ቆዳ ያለሰልሰዋል። ውኃው ለብ ሲል እንቁላሉንና ዘይቱን እንጨምራለን። ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩ፣ ከጨውና ከቅመሙ ጋር ለብቻው እንነፋለን፤ ኦቾሎኒውንም ወደ ታች እንዳይዘቅጥ ከዱቄቱ ጋር እናሸዋለን። ከዚያም ሁለቱን አገናኝተን ደረቁ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ እናማስላለን። እንደ ድፎ ሊጥ ካሸነው ዳቦው ጎማ ይሆናል። ዘይት በተቀባ ቅርጽ ውስጥ ገልብጠን በ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ እንጋግረዋለን። መካከሉ ላይ የሰካነው ስንጥር ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል ማለት ነው። ኦቨን የሌለው ቤት ወፍራም ድስት ይበቃዋል፤ ከታች ጥቂት፣ ከክዳኑ ላይ በርከት ያለ ፍም ማድረግ ነው። ይህንንስ ከእናታችን ድፎ ነው የተማርነው።

እንግዲህ ስኳር ከልኩ ውስጥ እንደሌለ አስተውላችሁ ይሆናል። ይህን ያደረግነው ስለ እናታችን ስንል ነው። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ኢንሱሊን ስለሚወስዱም ሐኪማቸው እንዳይጾሙ ከልክለዋቸዋል። ባለፈው ረመዷን ይህን ዳቦ ስናቀርብ አንዲት ጎረቤታችን፣ «ስኳር የለውም፣ እንዳሻዎ ይብሉ» አለቻቸው። የተናገረችው ከፍቅር ነበር። እናታችን ግን ወደ እኛ ዞረው፣ «እውነት የለውም?» ሲሉ ጠየቁን።

ምን እንመልስ? ወሩን ሙሉ ማዕዱን ከዳር ሆነው ሲያዩ ለነበሩ እናት «አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ይሁን እንጂ የዳቦውን ልክ እናውቀዋለን። ከደረቅ ተምር ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው። አንዱን ዳቦ 12 ቦታ ብንቆርጠው በያንዳንዱ ቁራጭ 20 ግራም ተምር ይደርሳል፤ ይህም ወደ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ዱቄቱም በሰውነታችን ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳር የሚለወጥ በመሆኑ ሌላ ሒሳብ አለው። ስኳር አልተጨመረበትም ማለትና ስኳር የለውም ማለት ለየቅል ናቸው። ይህንኑ በወረቀት ላይ አስልተን ነገርናቸው።

ቅር ይላቸዋል ብለን ነበር የፈራነው። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው፣ «ታዲያስ! ሚዛንን የቀራችሁት ለገበያ ብቻ ነው እንዴ?» አሉን። በልጅነታችን መድረሳ ስንቀራ ሱረቱል ሙጠፊፊን ሰፋሪንና መዛኝን እንዴት እንደሚያስጠነቅቅ ኡስታዛችን ሲያስረዱን ሐሳባችን የሚሄደው ወደ እህል በረንዳው ነጋዴ ነበር። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ ሚዛን ማለት የኬሚስትሪ ቀመር ነበር። እናታችን ሁለቱንም ወደ አንዲት ቁራሽ ዳቦ አመጧቸው። ለምንወደው ሰው አሳንሰን የምንነግረው ስኳርም ማጉደል ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሐኪማቸው ጋር በተስማማነው መሠረት የእናታችን ድርሻ የአንዱ ቁራጭ ግማሽ ሆነ። እሷንም ከምግባቸው ጋር እንጂ ለብቻዋ አይበሏትም፤ የደም ስኳራቸውንም ይለካሉ። ስለማይጾሙት እያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ ያበላሉና የዚያን ሰው ሳህን የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው። ዳቦውን ከጫፍ ሳይሆን ከመካከሉ ቆርጠው ሁለት ቁራጭ ያደርጉለታል። «የኔ ግማሽ፣ የሱ ሁለት፤ ይኼ ነው ትክክሉ» ይላሉ።

በነገራችን ላይ ቤኪንግ ፓውደር ራሱ የተገኘው ለአንዲት ሕመምተኛ በማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 አልፍሬድ በርድ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ባለቤቱ እርሾ ያለበት ዳቦ ስለማይስማማት ያለ እርሾ የሚነፋ ዳቦ ሊሠራላት ብሎ ቀመመው። ከማዕድ የተገለለ የቤተሰብ አባል እንዴት አብሮን ይብላ ብሎ መጨነቅ ታላቅ ነገር ነው።

ውድ እኅቶችና ወንድሞች! የስኳር ሕመምተኛ የሌለበት ዘመድ ዛሬ ጥቂት ነው። በኢፍጣርም ሆነ በዒድ ጣፋጭ ስናቀርብላቸው «ምንም አይልም» ከማለት ውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ እንንገራቸው። ከዚያ በኋላ የሚበሉትን ልክ እነሱና ሐኪማቸው ይወስኑ። ዳቦውንም ትኩሱን ሳይሆን ቀዝቅዞ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ካደረ በኋላ ቁረጡት፤ ሳይፈረፈር እኩል እኩል ይቆረጣል።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሺፋውን፣ ለማዕዳችን በረካውን፣ ለምላሳችንም እውነቱን ይስጥልን። አሚን።